«ቢሞት ኖሮ»

ጎረቤቴ ከገዛ ጣሪያው ላይ የወደቀው ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ ነው። ነፋስ የገነጠለውን ቆርቆሮ መልሶ ሊመታ ወጥቶ ነበር። መንዝ ውስጥ፣ እኛ ባለንበት በመሐል ሜዳ ከተማ የኖረ ሰው የበጋውን ነፋስ ያውቀዋል፤ ከጓሳ ደጋ በኩል ሲነሣ ጋቢህን በሁለት እጅህ ካልያዝክ ይዞት ይሄዳል። መሰላሉ ተንሸራተተ፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። እንደ አገራችን ልማድ መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ፣ እግሩ ሲያብጥ ወደ ሆስፒታል፣ እዚያም ሲያስቸግር ወደ ደብረ ብርሃን። በመጨረሻ ጄሶ ተደርጎለት ክራንች ይዞ ተመለሰ።

ሥራው የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ፔዳል የሚረግጠው ያው ቀኝ እግሩ ነው።

እኔን በዚህ ነገር ምን እንዳገባኝ ልናገር። ዋሱ ነኝ። ቤቱን ሲጀምር 200,000 ብር ተበድሯል፤ ዓመታዊ ወለዱ 15 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ አምስት ዓመት። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ የወር ክፍያውን ሳልጠየቅ አስልቼ ነግሬው ነበር፦ 4,758 ብር። ሁለት የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ተፈለገ፤ አንዷ እኔ ሆንኩ፣ ሌላዋ አንዲት ነርስ። ከየመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ደብዳቤ አጽፈን ፈረምን። ቤቱ ሲመረቅ ጠላ ጠጥተናል። ዋስነት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሲፈርሙለት ከምርቃት አይለይም።

በፈረምንበት ቀን ከብድሩ ላይ 2,000 ብር ተቆረጠ። «ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ለመድን» አሉኝ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ለነርሷ «አየሽ፣ መድን አለው» ብያታለሁ።

ከወደቀ በኋላ ሁለት ወር እንደምንም ከፈለ፤ አንዱን ከደመወዙ፣ አንዱን በግ ሸጦ። ከዚያ ቆመ። ያኔ ያ 2,000 ብር ትዝ አለኝና ከሚስቱ ጋር ወደ አበዳሪው ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው። ፋይሉን ገልጦ አየና፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ቲቸር፣ ይሄ መድን እኮ ለሞት ነው» አለኝ። «ቢሞት ኖሮ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ይሰረዝ ነበር።» የተናገረው ለራሱ ጆሮ ሲደርሰው ደነገጠና «እግዜር አይበለውና» ሲል ጨመረ።

ልጁን አልተቀየምኩትም። ውሉ ያለውን ነው የነገረኝ። ስንመለስ ሚስቱ እስከ ገበያው ድረስ አልተናገረችም። እዚያ ስንደርስ ክንዴን ይዛ «እትዬ፣ ይህን ለሱ እንዳንነግረው» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ «ቢሞት ኖሮ» የሚለው ቃል ነው። ተበዳሪው ሲሞት ዕዳው የሚሰረዝለት፣ በሕይወት ኖሮ መሥራት ሲያቅተው ግን ዕዳው በላዩ ላይ የሚያድርበት መድን አንድ ነገር ጎድሎታል። የጎደለውም ዋናው ነገር ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ደመወዙን እንይ። በወር 12,000 ብር ያገኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን እንኳ ሳንቀንስ በስድስት ወር እጁ የሚገባው 24,000 ብር ነው። የስድስት ወሩ የብድር ክፍያ ደግሞ 28,548 ብር። ሰውየው ከነልጆቹ ምንም ባይበላ፣ መድኃኒት ባይገዛ፣ ደብረ ብርሃን በእግሩ ቢሄድ እንኳ አይሞላም። በእግሩ መሄድ ቢችልማ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

አሁን ያው እግር፣ ያው አጥንት፣ ከገዛ ጣሪያው ወድቆ መሰበሩ ቀርቶ ሥራ ላይ ከግሬደሩ ወርዶ ቢሰበር ኖሮስ? ያው አዋጅ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ከመቶ ሰባ አምስት፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ግማሽ ያስከፍላል። በዓመት 99,000 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት ቤቱ ተቀምጬ ሳሳየው ሳቀና «እንግዲህ የት እንደምወድቅ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ» አለ። በጡረታውም በኩል በር አልተከፈተለትም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ እሱ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ነገር ግን በጤና ምክንያት ሥራ ለሚያቆም ሰው የዘላቂ አበል የሚታሰበው አሥር ዓመት ካገለገለ ነው። እሱ ያለው ሰባት ዓመት ነው። ከአሥር በታች ላለው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ነው ያለው።

ግሬደሩ ግን መድን አለው። ባለንብረቱ ያለ መድን አያሰማራውም። ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ አልቃወመውም። ብረቱ ተጠብቆ ብረቱን የሚነዳው ሰው ሜዳ ላይ መቅረቱ ግን ይቆጨኛል።

እኛ መንዞች ደግሞ ይህን ነገር ሳናውቀው የቀረን ሰዎች አይደለንም። በሬ ገደል ገብቶ እግሩን ሲሰብር ምን ይደረጋል? ይታረዳል፤ ጎረቤት ሁሉ ሥጋውን ተከፋፍሎ ዋጋውን ያዋጣል። የሥጋ አምሮት ያለው ብቻ አይደለም የሚወስደው። በጾም መዳረሻ እንኳ ቢሆን፣ ቋንጣ አደርገዋለሁ ብሎ መደቡን ይቀበላል። ባለቤቱ በተሰበሰበው ገንዘብ ሌላ በሬ ባይገዛም ወይፈን ይገዛል። አባቴ አንድ ጊዜ እንዲህ በሬ ተክቷል። የበሬ እግር ሲሰበር የሚሠራ መድን አያቶቻችን ነበራቸው ማለት ነው፤ ዓረቦን የሚባል ስም ሳይሰጡት።

ሰውም ሲታመም እንዲሁ ነበር። ገብሱ ደርሶ ባለቤቱ አልጋ ላይ ከዋለ፣ ውርጭ ሳይመታው ሰፈሩ ደቦ ወጥቶ ያጭድለታል፣ ይከምርለታል፣ ይወቃለታል። ሚስቱ ጠላና ንፍሮ ታቀርባለች፤ ከሌላትም የሚያማት የለም። የአባቶቼ ሕመም በጉልበት ይተካ ነበር። የዕዳቸውም ዓይነት እንደዚያው ነበር፤ የዘር ገብስ የተበደረ ገብስ ይመልሳል፣ በወንፈል ያረሱለት አርሶ ይመልሳል። ቤቱም ቢሆን ዕዳ አልነበረውም። እኔ የተወለድኩት በድንጋይ በተካበ፣ በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ ነው። ድንጋዩ ከማሳ ተለቀመ፣ ጓሳው ከጓሳ መጣ፣ ማገሩን ዘመድ አቆመ። ለማንም በየወሩ የሚከፈል ነገር የለም።

አሁን ቤት ማለት ብሎኬት ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ ፌሮ ነው፣ ቆርቆሮ ነው። ሁሉም በብር ይገዛል፤ ብሩ በብድር ይመጣል፤ ብድሩ በየወሩ ቀን ይቆጥራል። ደቦ ወጥተን 4,758 ብር ማጨድ አንችልም። ዕዳችን ወደ ብር ተዛወረ፤ መድናችን ግን ያለበት ቀረ። እድራችን ለቀብር ነው፣ የአበዳሪው መድን ለሞት ነው፤ በቀብርና በጤንነት መካከል ያለው ረጅም መንገድ ባለቤት የለውም። የጤና መድንም ቢሆን፣ በ2003 ዓ.ም. አማራ ክልል ውስጥ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ላይ ተሞክሮ ኋላ የተስፋፋው የማኅበረሰቡ ማለቴ ነው፣ የገበሬውን የሕክምና ወጪ ያቃልላል፤ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። የጠፋውን ገቢ ግን አይተካም፤ ያም ሥራው አይደለም። ደመወዝተኛው እንዲገባበት የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ደግሞ ከወጣ በኋላ ተግባሩ ከዓመት ወደ ዓመት ሲገፋ ኖሯል።

ስለዚህ ማን ነው የተካው? እኔና ነርሷ። ለመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ መጣ፤ ከየደመወዛችን 2,379 ብር በየወሩ መቆረጥ ጀመረ። ስድስት ወር ተቆረጠብን። እቁቤን ለእህቴ ልጅ አስተላለፍኩ። ነርሷ ምን እንዳስተላለፈች አልጠየቅኋትም፤ ለሦስት ወር ያህል ግን ስንገናኝ ስለ አየሩ ብቻ ነበር የምናወራው።

«ዋስ» እና «መድን» በአማርኛ አብረው የኖሩ ቃላት ናቸው። ድሮ ችሎት ፊት የቆመ ሰው ዋስ መድን ጠርቶ ነበር ወደ ቤቱ የሚመለሰው። የተወረሱት የግል የመድን ኩባንያዎች በ1968 ዓ.ም. በአንድ ሲጠቃለሉ «መድን» የሚለው ቃል የድርጅቱ ስም ሆነ። «ዋስ» የሚለው ለጎረቤት ቀረ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚሉት «እሱ ባይችል እኔ እከፍላለሁ» ነው። ልዩነቱ ድርጅቱ ለዚህ ቃሉ ዓረቦን ይቀበላል፣ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ የራሱንም ሥጋት ለጠለፋ መድን ሰጪ ያካፍላል። እኔ የተቀበልኩት ጠላ ነው። መጠባበቂያዬ ደመወዜ ነው። እኔን የሚጠልፈኝ የለም።

በየወረዳው ከተማ በደመወዝ ዋስትና የተሠራ ቤት ስንት እንደሆነ አስቡት። መምህሩ ለነርሷ፣ ነርሷ ለፖሊሱ፣ ፖሊሱ ለግብርና ባለሙያው ዋስ ነው። አንዱ ሲወድቅ እንደተደገፈ ክምር ሌላውን ይዞ ያዘነብላል።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «እናንተ ገጠር ስለሆናችሁ ነው» ይለኛል። እሱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የ20/80 ተበዳሪ ነው፤ ሃያውን ከፍሎ ሰማንያው ዕዳ ነው። የሱ ዋስ ጎረቤት አይደለም፤ ዋሱ ቤቱ ራሱ ነው። ይህ የሚሻል ይመስላል። ነገር ግን ለባንክ በመያዣ የተሰጠ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ባንኮች ወዲያው ይሸጣሉ አልልም፤ ብዙ ጊዜ ይታገሣሉ፣ የመክፈያ ጊዜ ያራዝማሉ። ሕጉ ግን ያለው ሠላሳ ቀን ነው። የተሰበረ እግር በሠላሳ ቀን ጄሶውን እንኳ አያወልቅም።

ከቤት ብድር ጋር የሚጠየቀው የሕይወት መድንም ዋና ጉዳዩ ሞት ነው፤ ሙሉና ዘላቂ የአካል ጉዳትን የሚጨምር ውል አለ። እሱም ቢሆን መልካም ነው። ሆኖም አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ችግር ከሁለቱም አይደለም። የሚድን ስብራት ነው፤ ስድስት ወር የሚያስተኛ ሳንባ ነው፤ ከአስቸጋሪ ወሊድ በኋላ መነሣት ያቃታት ሴት ናት፤ የአእምሮ ሕመም ነው። ሰውየው ይድናል። ሲድን ግን ቤቱ የለም፣ ወይም ዋሱ ጎረቤቱ አያናግረውም።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ አበዳሪዎችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት በብድሩ ቀን የሚቆርጡት የመድን ገንዘብ፣ ተበዳሪው በሐኪም ማስረጃ መሥራት ሲያቅተው እስከ ስድስት ወር የብድሩን ክፍያ እንዲሸፍን ይስፋ። ለኪሱ አይስጡት፤ ክፍያውን ብቻ ይሸፍኑለት። ስድስት ወር ለምን? የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሕመም ፈቃድ የሚያበቃው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ወይ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ወይ ሌላ መተዳደሪያ ይፈልጋል፣ ወይ ቤቱን በሐራጅ ዋጋ ሳይሆን በገበያ ዋጋ ሸጦ ዕዳውን ይዘጋል። ስድስት ወር ለማሰቢያ ይበቃል።

ስንት ያስወጣል? ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፤ ማንም በራሱ ማኅበር ቁጥር ሊተካው ይችላል። ሦስት መቶ ተበዳሪ ያለበት ማኅበር እንውሰድ፤ ሁሉም እንደ ጎረቤቴ ያለ ብድር አለባቸው እንበል። በዓመት ስድስት ሰው ሙሉ ስድስት ወር ከሥራ ውጭ ይሁን። 28,548ን በስድስት ስናባዛ 171,288 ብር ይመጣል። ለሦስት መቶ ሲካፈል በዓመት 571 ብር፣ በወር 48 ብር አይሞላም። የታመሙት በእጥፍ ቢጨምሩ እንኳ በወር 95 ብር ገደማ ነው። ከኔ ደመወዝ በየወሩ 2,379 ብር ከሚቆረጥ ከሁላችን 48 ብር ቢቆረጥ እመርጣለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ተማሪዎቼን አማካይ ሳስተምር የማነሣው ምሳሌ ነው፤ መድን ማለት ያ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ የባንክ ሰው ይህን ስነግረው «ሰው ይዋሻል» አለኝ። ሐኪም ጓደኛ ያለው ሁሉ ወረቀት ያመጣል አለ። እውነቱን ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ይህ ከባድ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ግን ማን እንደሚያነክስና ማን እንደሚያስመስል ለማወቅ የሐኪም ወረቀት የመጨረሻው ማስረጃ ነው፤ የጠዋቱ ገበያ ይበቃል። ለዚህ አገር የጋራ ነገር መጠበቅም አዲስ አይደለም። የጓሳን ሣር አባቶቻችን ከመሬቱ አቅኚዎች ከአስቦና ከጌራ ዘመን ጀምሮ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቄሮ በሚባል የጋራ ሥርዓት ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ተመርጦ፣ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ተዘግቶ፣ አላግባብ ያጨደ እየተቀጣ ነው የኖረው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪቋረጥ ድረስ ሠርቷል። ጓሳው ዛሬም ቆሞ የሚታየው በዚያ ምክንያት ነው። ሣር በዚህ ጥብቅነት የጠበቀ ሕዝብ የስድስት በሽተኛ መዝገብ መጠበቅ አያቅተውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የተበዳሪው ሳይሆን የሻጩ ውሸት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ መድን አስቀድመው ሠርተውታል፤ ሥራ ላጣ ወይም ለታመመ ተበዳሪ ክፍያውን የሚሸፍን ውል ባንኮቻቸው በሚሊዮኖች ሸጠዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሻሻጡ ግን ለጉድ ነው፤ በግሉ ለሚሠራና ውሉ ፈጽሞ ለማይከፍለው ሰው ሸጡለት፣ ቀድሞ የታመመውን ሳይጠይቁ አስፈረሙት፣ አንዳንዱ መግዛቱን እንኳ አያውቅም ነበር። ኋላ ላይ ባንኮቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 ፍርድ ቤት ሄደው ተረቱና ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለደንበኞቻቸው መለሱ። የአቤቱታው ማብቂያ ቀን የኛ ነሐሴ 23 ቀን 2011 ነበር። የኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ «ይመለስላቸዋል እንዴ?» ብሎ ነው የሚገረመው።

እኔ ከእነሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው። መድኑን የሚቆርጠው ሰው ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ከፊርማ በፊት ያንብብልን። የመድን ውላችንን ዛሬም የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ያንን ክፍል አልነካውም። ያ ሕግ መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር፣ ከደበቀ ውሉ ዋጋ እንደሚያጣ ይደነግጋል። ተበዳሪው መናገር ካለበት አበዳሪውም ይናገር። ለኔ በዚያ ቀን «ለመድን» ብቻ ሳይሆን «ለሞት መድን» ቢሉኝ ኖሮ፣ ነርሷን ደስ አላሰኛትም ነበር። ምናልባት አልፈርምም ነበር። ይህን ጎረቤቴ ያነበዋል፤ ያንብበው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ሕመም ሰውን አንድ በአንድ ነው የሚመርጠው፤ ስለዚህ ማኅበር ይችለዋል። ውርጭ፣ የበልግ መቅረት፣ ጦርነት ግን ሁሉን በአንድ ቀን ይመታል። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ማን ለማን ያዋጣል? ለእንዲህ ያለው የመሐል ሜዳ ሣጥን አይበቃም፤ ሰፊ አገር ላይ የተዘረጋ መድንና የጠለፋ መድን ያስፈልጋል። ቦረና ውስጥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እያዩ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍል መድን ተሞክሯል፤ የኛን ገብስ የሚያይ ቢገኝ እሰየው ነው። ግን ትልቁ እስኪመጣ ትንሹን አንተወው።

ባለፈው ወር ነገሩን ለእድራችን አቀረብኩት። ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ለሞት ማዋጣት ያባት ነው፤ ለሕመም ማዋጣት ሕመም መጥራት እንዳይሆን» አሉ። ግማሹ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ከኋላ «ጋሼ፣ ለበሬው ስናዋጣ በሬ ጠርተን ነበር?» ስትል ሳቅ ሆነ። ዳኛው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር አሉ፤ ጸሐፊው ጻፈው።

ጎረቤቴ አሁን የፊት ክፍሉን ሱቅ አድርጎታል። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ዘይት፣ የልጆች ደብተር ይሸጣል። ብድሩን ራሱ መክፈል ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ክራንቹን ይዞ ደጃፌ መጣና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ 500 ብር አወጣ። አልቀበልም አልኩ፤ እንቢ አለ። «እትዬ፣ ዕዳ ዕዳ ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በኔ ላይ የተቆረጠው 14,274 ብር ነው። በወር 500 ከመለሰ ሃያ ዘጠነኛው ወር ላይ ያልቃል፤ የመጨረሻው ክፍያ 274 ብር ይሆናል። ይህን አልነገርኩትም። የነርሷን መጀመሪያ እንዲሰጥ ብቻ ነገርኩት፤ እሷ ልጅ ልትወልድ ነው።